አርባ አምስት ቁጥር መንጠቆ

ንጋቱን ከጉድጓዱ ያወጡት ሲወርድበት በነበረው ገመድ ነው። ቀኑ ኅዳር አሥራ አምስት፣ ሰኞ፣ የነቢያት ጾም የገባ ዕለት ነበር። የደረቅ ወንዝ መንደር ሰው ማጭዱን ጥሎ ከየማሳው ሮጦ መጣ፤ አሥራ ስምንት ሜትር የወደቀን ሰው ግን ማንም ሮጦ አይደርስበትም። ወንድሙ ማሬ ሬሳውን በራሱ ጋቢ ጠቀለለው። የሟቹ ሚስት ብርነሽ አልጮኸችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ውስጥ ታይ ነበር፤ ገና የሚወጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰብለ በሌላ ጉዳይ ከደብረ ታቦር ወደ አርብ ገበያ ከተማ መጥታ ነበርና፣ ስልክ ሲደወልላት የአንድ ሰዓቱን መንገድ በእግሯ ተጉዛ ደረሰች። አጭር ናት፤ አርባን አልፋለች፤ ስትጠይቅ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ከለቀስተኞቹ አንዱ «ሴት ነው እንዴ የላኩልን?» ሲል ሰምታዋለች። እንዲህ ላለው ነገር መልስ መስጠት የተወችው ገና በምልምልነቷ ነው።

ሳጅን ዮሐንስ ጉዳዩን ቀድሞ ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት። «ጀሚል ይባላል፤ አርብ ገበያ የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን መንጠቆ የሸጠላቸው እሱ ነው። የማይረባ ብረት ሸጦ ሰው አስፈጀ።»

«የማይረባ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በቁጥሩ ነዋ! ደረሰኙ ላይ 1045 ብሎ ጽፏል። ሱቁ ያለው ካርቶን 45 ይላል። ስንጠይቀው ደግሞ ሲ 45 ነው አለን። አንድ ዕቃ ሦስት ቁጥር! የተሰበረው ላይ ደግሞ ጭራሽ ቁጥር የሚባል የለም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

«ማሬ ምን ይላል?»

ሳጅኑ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ሠልስቱ ሳይወጣ የጀሚልን ደም አያለሁ ብሎ ምሏል። ጠብመንጃ አለው። ጀሚልን ዛሬ ብፈታው ነገ እቀብረዋለሁ። እርግጥ ማሬም ቢሆን ንጹሕ ነው አልልም፤ አምና ከሟቹ ጋር በድንበር ተካሰው ነበር። ገመዱ የሚጠቀለልበትን መዘውር የያዘው ደግሞ እሱ ነው።»

ሰብለ ሁለቱን የመንጠቆ ስባሪዎች መሐረብ ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች። የተሰበረበት ፊት ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ተፈለጠ አሞሌ ፍሬ ፍሬ እያለ ያብለጨልጫል። የተጣመመ ቦታ የለውም፣ የተሳበም የለውም። ቆዳው ጥቁር ቅርፊት ለብሷል። የፋብሪካው ቀይ ቀለም የቀረው ጆሮው ውስጥ፣ ገመዱ ከገባበት በኩል ብቻ ነው። ጎኑ ላይ የመዶሻ ምት የሚመስሉ ጠፍጣፋ ቦታዎች አሉ። ጣቷን አሳልፋ ዳሰሰቻቸው።

«ገመዱን ከላይ ቁረጥልኝ» አለችው ሳጅኑን። «ቋጠሮውን ግን እንዳትፈታው።»

ማሬ መዘውሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ እጀታውን ገና አልለቀቀውም።

«ስለ ወንድምህ እግዜር ያጽናህ» አለችው። «ከመሰበሩ በፊት ምን ሰማህ?»

«ጧ! አለ። እንደ ገል።»

«ቀድሞ አልተንቋቋም? ዝቅ አላለም?»

«ምንም። መንጠቆው ላይ የተንጠለጠለው ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ‹ልቀቅ› አለኝ፤ ለቀቅኩለት። ሁለት ሜትር አልወረደም። ጧ አለ፤ ከዚያ መዘውሩ ቀለለኝ።» እጁን አየው። «እጄ ላይ ሲቀል ነው ወንድሜ መሞቱን ያወቅኩት።»



«ከዛሬ በፊት የሠራችሁ መቼ ነው?»

«ሐሙስ። አርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እኛ አፈር አንነካም። ሐሙስ በሬ የሚያህል ድንጋይ አወጣን። መንጠቆው ያን ጊዜ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ነበር፤ ንጋቱ ‹ምንም አይል› ብሎ ሳቀ።»

«ዛሬ ጠዋትስ አየኸው?»

«ማን ያያል! ጭቃው እርጥብ ሆኗል፣ ውሃው ሊፈልቅ ነው። ባልዲ እንኳ ሳናወርድ እሱ ቀደመ።»

«አርብ ንጋቱ የት ዋለ?»

«የማኅበር ተራ የእሱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እስከ ምሽት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሰው ሲያበላ ሲያጠጣ ዋለ። ከአጠገቡ አልተለየሁም።»

«ገመዱን መንጠቆው ላይ የሚያስረው ማነው?»

«እኔ። አህያ እንደምጭነው አድርጌ ነው የማስረው፤ አይፈታም።» የገመድ ቁራጭ አንሥቶ በመዘውሩ እግር ላይ አሳያት፤ ሁለቴ ጠምጥሞ ጫፉን ከሥር ሸጎጠው።

ሰብለ የእሱን ቋጠሮ አየች፤ በመሐረብ የያዘችውን ቋጠሮ አየች። አንድ አልነበሩም፤ መሐረቡን አጠፈችው።

ቀብሩ አሥር ሰዓት ላይ ተፈጸመ። ከቀብር መልስ ብርነሽን ድንኳኑ ጥግ አገኘቻት። ደጃፉ ላይ ማሰሪያው ሳይፈታ የቀረ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል።

«ውሃ ከየት ነው የምትቀጂው፣ እህቴ?»

«ከታች፣ ከገደሉ ሥር። ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። ጀርባዬን አሞኝ ከረመ።» ብርነሽ መሬቱን እያየች ነበር የምትናገረው። «‹ሳትጎብጪ ደጃፍሽ ላይ አወጣልሻለሁ› አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቆፈረ። እኔ ነኝ ጀርባዬን ጀርባዬን እያልኩ ያስቆፈርኩት።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«እንዴት ይሰበራል ግን? ብረት አይደለም? ጠንክሮ እኮ ነበር!»

ሰብለ ቀና አለች። ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ከሲማዳ፣ ከወገዳ በኩል የመጡ ዘመዶች ደረታቸውን እየመቱ ገቡና ብርነሽን ከበቧት። መርማሪዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ስትወጣ ጀሪካኑ አጠገብ ቆማ ማሰሪያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ያ ልቅሶ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆነባት፤ ፊቷ ላይም ታየ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ጀሚልን ከታሰረበት ክፍል አስወጥታ ወንበር ሰጠችው። ሳጅን ዮሐንስንም አጠገቡ አስቀመጠችው። ጀሚል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ የቴክኒክ ትምህርቱን ሁለት ዓመት ተምሮ የአባቱን ሱቅ የተረከበ ልጅ ነው። ሌሊቱን አልተኛም።

«ስለ ቁጥሮቹ አስረዳ» አለችው። «ለእኔ ሳይሆን ለሳጅኑ።»

ጀሚል ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ድሮ ብረት የሚሸጠው በፋብሪካው ስም ነበር። የእገሌ ጥሩ ነው፣ የእገሌ ይሰበራል እየተባለ፤ ገዢው የሻጩን ፊት አይቶ ነው የሚገዛው። ድልድይ ሲወድቅ፣ የእንፋሎት ጋን ሲፈነዳ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ‹ብረትን በሆዱ ውስጥ ባለው እንሰይመው› ብለው ተስማሙ። አራት አኃዝ ሰጡት። የፊተኞቹ ሁለቱ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ይናገራሉ፤ አሥር ካለ ዋናው ካርቦን ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ የካርቦኑ ልክ ናቸው። 1045 ማለት ከአሥር ሺህ እጅ አርባ አምስቱ ካርቦን ነው ማለት ነው። ጀርመኖች ያንኑ ሲ 45 አሉት። ጃፓን ኤስ 45 ሲ አለው። ቻይና አርባ አምስት ብቻ ብሎ ተወው። እኔ ደረሰኝ ላይ የምጽፈው ትምህርት ቤት የተማርኩትን ነው፤ ካርቶኑ የመጣው ከቻይና ነው።»

«አንድ ብረት አራት ስም?» አለ ሳጅኑ።

«አንተስ?» አለችው ሰብለ። «እናትህ የምትጠራህ፣ ክርስትና የተነሣህበትና ደመወዝ የምትፈርምበት ስም አንድ ነው?»

ሳጅን ዮሐንስ ኮፍያውን አስተካከለ።

«የተሰበረው ላይ ግን ቁጥር የለም» አለች ወደ ጀሚል ዞራ።

«ስሸጥለት ነበረው፣ ወላሂ! ጎኑ ላይ ተቀርጾ ነበር። ኢንስፔክተር፣ ይህ ብረት ሳያስጠነቅቅ አይሰበርም። ከአቅሙ በላይ ስትጭኝው አፉን ይከፍታል። ታይዋለሽ፤ አውጥተሽ ትጥይዋለሽ። እንደ ገል ተሰበረ ሲሉኝ ነው ራሴን ያመመኝ።»

«ንጋቱን ታውቀው ነበር?»

«ሰርጌ ላይ በሬ አርዶልኛል፤ ለክርስቲያን እንግዶቼ» አለ ጀሚል።

ሱቁን የከፈተችላት የጀሚል ሚስት ኢልሀም ናት። ከትናንት ጀምሮ ሁለት ሰዎች ደጃፏ ላይ ተፍተው አልፈዋል።

«እትዬ፣ ነገ ሠልስቱ ነው» አለች። «ማሬ የማለውን ሰምቻለሁ። እውነቱ ዛሬ ካልተገኘ ባሌን አይተውልኝም። እስር ቤት ቢሆን እንኳ የሚገድልላቸው ሰው እዚያ አያጡም።»

«ከዚያ መንጠቆ ጋር የመጣ ሌላ አለ?»

ኢልሀም ከመደርደሪያው ላይ ጥንዱን አወረደች። ቀይ ነው፤ ጎኑ ላይ 45 የሚል ቁጥር አለበት። ሰብለ የሱቁን የብረት መሳያ፣ ግራይንደሩን፣ አስነሣችና መጀመሪያ አዲሱን፣ ቀጥሎ ስባሪውን አስነካችው። ከሁለቱም የወጣው ፍንጣሪ አንድ ነው፤ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ መጠነኛ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚፈነዳ። ከዚያ ሞረድ አነሣች። አዲሱ ላይ ሞረዱ ነክሶ ብናኝ አወጣ። ስባሪው ላይ እንደ መስታወት ተንሸራተተ። በመጨረሻ የስባሪውን ጥቁር ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ፈተገችው። በመዶሻ ከተጠፈጠፈው ቦታ ላይ የአራት ቁጥር ግማሽ እግር ብቅ አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ኢልሀም።

«ባልሽ የሸጠው ትክክለኛውን ነው ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ብረት ናቸው። አንደኛው ግን እሳት ገብቶ ወጥቷል።»

ኢልሀም ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሰብለ ግን ደስ አላላትም፤ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለችና።

ቀጥቃጩ አለበል ከከተማው ዳር፣ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ነው የሚኖረው። የሚርቀው እሱ ይሁን ሰዉ አይታወቅም። ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሠራው ገበሬ ሁሉ ይፈልገዋል፤ ልጁ ሲታመም ደግሞ «ቡዳ በላው» ብሎ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ሰባ ዓመቱን እንዲህ ሆኖ አሳለፈ። ሰብለ ስትደርስ ወናፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለማጭድ እጀታ እየከተተ ነበር።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ አለበል?»

«እግዜር ይመስገን። ይቀመጡ።»

ከተደረደሩት ማጭዶች አንዱን አንሥታ ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «አርብ ዕለት ገበያ ወጥተው ነበር?»

«ኅዳር ነው። አዝመራ ሚካኤልን አይጠብቅም።»

«ብዙ ማጭድ ውሃ ውስጥ ነከሩ?»

«አልቆጠርኩትም።»

«መንጠቆስ?»

ሽማግሌው ጉጠቱን አስቀመጠ። ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

«አዎ። አንድ። ራሱ ንጋቱ ነው ያመጣው። በእኩለ ቀን።»

«ራሱ?»

«ራሱ። አፉን ዝጋልኝ፣ አጠንክርልኝ አለኝ። አጠነከርኩለት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይጻፉት።»

ሰብለ ማጭዱን ወደ ቦታው መለሰችው። «አያ አለበል፣ የሚዋሹት ለራስዎ አይደለም። ለራሱ የሚዋሽ ሰው ‹አላየሁም› ነበር የሚለኝ።»

ሽማግሌው አተኩሮ አያት። «የማን ልጅ ነዎት?»

«የቀጥቃጭ» አለች። «አባቴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ዳር ማጭድ ይመታ ነበር። ትምህርት ቤት ስመዘገብ ‹የገበሬ ልጅ ነኝ› ብዬ ነው የተመዘገብኩት። እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

 አለበል ሲመልስላት «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ነበር።

«እንግዲያ ታውቂያለሽ፣ ልጄ። የሚሉኝን ሁሉ ለምጄዋለሁ፤ አንድ ቢጨምሩብኝ አይከብደኝም። ከባዱ ለሌላ ሰው ነው። ለእኔ ተይው።»

«ብተወው ይገድሉዎታል።»

«ስንት ዓመት ቀረኝ ብለሽ ነው» አለ አለበል።

ረቡዕ ሠልስቱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ሰብለ የንጋቱን የነፍስ አባት ለምና የማሬን ጠብመንጃ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አስቀምጣዋለች፤ ማሬ የሰጠውም «እስክትጨርስ ብቻ ነው» ብሎ ነው። ጀሚልን በሁለት ፖሊስ መካከል አስቀመጠችው። ኢልሀም ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። አለበል ሳይጠሩት መጥቶ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማንም አልተቀመጠም።

ሰብለ ሁለቱን ስባሪና አዲሱን መንጠቆ አግዳሚው ላይ ዘረጋች።

«ለቅሷችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ» አለች። «የምናገረውን ያልገባው ሰው ይጠይቀኝ። መጀመሪያ የጠረጠርነው ጀሚልን ነው። ሦስት ቁጥር ተናገረ ተባለ። ቁጥሮቹ የአንድ ብረት የተለያየ አገር ስሞች ናቸው። ስባሪውንና ይህን አዲሱን ግራይንደር ላይ ሞከርኳቸው፤ ፍንጣሪያቸው አንድ ነው። የጠፋውም ቁጥር አልጠፋም፤ በመዶሻ ተጠፍጥፎ ግማሹ እዚህ አለ። ጀሚል ለንጋቱ የሸጠው ደኅናውን ነው።»

ሰው አጉረመረመ። ማሬ «ታዲያ ደኅና ብረት እንዴት ይሰበራል?» አለ።

«የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። እንደ ገል ጧ አለ አልከኝ። የተሰበረበት ፊት አልተሳበም፣ አልተጣመመም። ሞረድ አይነክሰውም። ቀለሙ ተቃጥሎ ጥቁር ሆኗል። ይህ ብረት በእሳት ቀልቶ ውሃ ውስጥ ተነክሯል ማለት ነው። ካርቦኑ አርባ አምስት የሆነ ብረት ቀይ ሆኖ ድንገት ውሃ ሲገባ ይጠነክራል፤ ግን መልሶ በለስላሳ እሳት ካላላሉት ጥንካሬው የመስታወት ጥንካሬ ነው። ማጭድን እንዲህ እናደርገዋለን፤ ማጭድ እህል ነው የሚቆርጠው። ሰው ሲንጠለጠልበት ግን ይሰበራል።»

«መቼ ነው እሳት የገባው?» አለ ሳጅን ዮሐንስ፤ በዚህ ጊዜ ተማሪ መስሎ ነበር።

«ሐሙስ ድንጋይ አውጥቷል፤ አፉ ተከፍቶ እንደነበር ማሬ አይቷል። ሰኞ ተሰበረ። በመካከል ሦስት ቀን ማንም አልቆፈረም። በሦስቱ ቀን ውስጥ የቀጥቃጭ እሳት የነደደው በአርቡ ገበያ፣ አያ አለበል ዘንድ ብቻ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ፊት ሁሉ ወደ ደጃፉ ዞረ።

«ቡዳው!» አለ አንድ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አለ አለበል ሳይነሣ። «ንጋቱ ራሱ አምጥቶ አሠራኝ። አላወቅኩም።»

የነፍስ አባቱ ቄስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አርብ ንጋቱ ከእኛ ጋር ነበር። ከጠዋት እስከ ምሽት። መቶ ሰው ምስክር ነው። ምነው ትዋሻለህ፣ አለበል?»

ማሬ ተነሣ። የአንዱን ሽማግሌ ዱላ መንጭቆ ወደ ደጃፉ ሁለት እርምጃ ሄደ። «ማን ሰጠህ? ወይስ ራስህ ሰረቅኸው? ተናገር! ወንድሜን ለምን በላኸው?»

ሰብለ በመካከል ገባች። ቋጠሮው ያለበት መሐረብ እጇ ውስጥ ነበር፤ አልፈታችውም። እስከዚህ ድረስ ብቻ ልትናገር ነበር የመጣችው። ማሬ ግን ዱላውን አልጣለም፤ አለበልም አንገቱን አጎንብሶ ይጠብቅ ነበር።

«ተወው» አለች ብርነሽ።

ሦስት ቀን ሙሉ ድምጿን ያልሰማ ሰው ሁሉ ዞር አለ። ተነሥታ ቆማለች።

«ተወው፣ ማሬ። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሐሙስ ማታ አፉ ተከፍቶ አየሁት። ፈራሁ። ስነግረው ይስቅብኛል። አርብ እሱ ማኅበሩን ሲያስተናግድ ከገመዱ ፈታሁትና በነጠላዬ ጠቅልዬ ገበያ ወጣሁ። ‹አያ፣ አፉን ዘግተው ያጠንክሩልኝ፣ ሰው ነው የሚንጠለጠልበት› አልኳቸው። ዋጋም አልተቀበሉኝም። ስመለስ እኔው መልሼ አሰርኩት።»

የማሬ ዱላ ከእጁ ወደቀ። ሰብለ መሐረቡን በቀስታ ፈታች። ጆሮው ላይ የቀረው ቋጠሮ ሴቶች ጀሪካን ሲያዝሉ የሚቋጥሩት ነበር። ለማንም አላሳየችውም፤ መልሳ አጠፈችው።

«ሰው ነው የሚንጠለጠልበት ስትለኝ» አለ አለበል፤ ድምጹ ተሰብሯል፤ «በማጭዱ ውሃ አልነከርኩትም። ለብ ብሎ ነበር። እንዲጠነክርላት ብዬ ከምንጭ አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀዳሁ።»

 ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«በዚህ ነገር ውስጥ ገዳይ የለም» አለች ሰብለ። «የምጽፈው ይህንኑ ነው። ጀሚልን ፍቱት።»

ሳጅን ዮሐንስ ካቴናውን ራሱ ፈታ። ጀሚል ግን አልተነሣም፤ ኢልሀም መጥታ ትከሻውን ይዛው እንኳ ብርነሽን ነበር የሚያየው። ማሬ ወደ እሱ ሄዶ ከፊቱ ተንበረከከ፤ ምን እንደሚል ስላላወቀ ጉልበቱን ብቻ ያዘው።

ብርነሽ ወደ አግዳሚው ቀረበችና ስባሪዎቹን አየቻቸው። ከዚያ ሰብለን በዓይኗ ያዘቻት።

«እርስዎ ያውቃሉ። ባልነካው ኖሮስ? እንደተከፈተ ብተወው፣ ይተርፍ ነበር?»

ሰብለ መልሱን ታውቀዋለች። ያ መንጠቆ እንደተከፈተ ቢቀር ኖሮ ሰኞ የአንድን ሰው ክብደት ይሸከም ነበር፤ ቢከፋ ይበልጥ ይከፈትና ማሬ ያየው ነበር፤ ይጥሉት ነበር፤ ንጋቱ ዛሬ ውሃ ላይ ይደርስ ነበር። ይህን አለበል ያውቃል። ጀሚልም ያውቃል፤ ትናንት ከአፉ ወጥቷል። ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር በድንኳኑ ውስጥ ይህን የሚያስተውል አልነበረም።

«አይተርፍም ነበር» አለች ሰብለ። «አንዴ ከተከፈተ አልቆለታል። ጎማው ሾልኮ ይወጣ ነበር፤ ያው ሰኞ።»

ብርነሽ አላመነቻትም። ወደ ደጃፉ፣ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ስልሳ ዓመት ብረት መትቻለሁ» አለ አለበል። «አፉን የከፈተ መንጠቆ ሰው አይሸከምም፣ ልጄ። ብትተዪውም ያው ነበር።»

ብርነሽ አሁንም ቆማለች። ዓይኗ ጀሚል ላይ አረፈ፤ ሁለት ሌሊት ስለዚያ ብረት በታሰረው፣ ማንም ልክ ነህ ባላለው በጀሚል ላይ።  እውነቱን መናገር ለሱቁም ለስሙም ይጠቅመው ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «የሸጥኩለት ለዚያ ድንጋይ አይበቃም ነበር። እኔ ነበርኩ ተለቅ ያለውን መስጠት የነበረብኝ።»

ብርነሽ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«እንግዲያ ቀኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያ እግዜር ነው።»

ከዚያ እዚያው አግዳሚው ሥር ተቀመጠችና፣ ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የባሏን ስም እየጠራች አለቀሰች። ሴቶቹ መጥተው ከበቧት፤ ኢልሀምም ከእነሱ ጋር ገባች። ሰብለ ከድንኳኑ ወጥታ አለበል አጠገብ፣ ማንም ባልተቀመጠበት ቦታ፣ ተቀመጠች።